«ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት ነውን?



ረመዳን ሲቃረብ ወይም የሠርግ ወቅት ሲገባ በየቤታችን ጓዳ ሁለት ዓይነት ሥራ ይበዛል። በአንድ በኩል ተልባው ይቆላል፣ አብሹ ይነከራል፣ ከርከዴው ይፈላል፤ ይህ የመጠጥ ዝግጅት ነው። በሌላ በኩል ሂናው ይለወሳል፣ ማሩና ሎሚው ይደባለቃል፣ የፀጉር ቅቤው ይወጣል፤ ይህ ደግሞ የውበት ዝግጅት ነው። ሁለቱም ከአንድ መደርደሪያ ይወጣሉ። ሁለቱንም የምናሞግስባት አባባል አንድ ናት፦ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም አይጎዳም»።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህችን አባባል እንመረምራታለን። ዓላማችን የጓዳችንን መጠጥና መዋቢያ ማጣጣል አይደለም። እንዲያውም አብዛኞቹ በውድ ዋጋ ከሱቅ ከምንገዛቸው ይሻላሉ ብለን እናምናለን። ነገር ግን የሚሻሉት ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ምን እንደገባባቸው ሲታወቅ፣ ልካቸው ሲጠበቅ፣ እንዲሁም ለሆድ የሚሆነው ለሆድ፣ ለቆዳ የሚሆነው ለቆዳ ሲውል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ቤት ውስጥ መሠራቱ ብቻውን ከጉዳት አያድንም።

ሕይወት ያተረፈው የጓዳ መጠጥ

ስለ ልክ ስናነሳ ከሁሉ የሚቀድመው ምሳሌ ባንግላዴሽ ነው። በዚያች አገር ኮሌራና ሌላም የተቅማጥ በሽታ ብዙ ሕፃናትን ይቀጥፍ ነበር። ብራክ የተባለው የአገሪቱ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት እየላከ እናቶችን አንድ መጠጥ አስተማረ። መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ ቤት የማይጠፋ ነበር፦ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ፣ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው እና አንድ እፍኝ ጥቁር የሸንኮራ ስኳር። ትምህርቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን አዳርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሠራተኞቹ ክፍያ የሚወሰነው ስንት ቤት አንኳኩ በሚል ብቻ አልነበረም። ተቆጣጣሪ ተመልሶ ሲጠይቅ እናትየዋ ልኩን በትክክል ማስታወሷና ማዘጋጀቷ ይታይ ነበር። ለምን ይህን ያህል ተጨነቁ? ስኳሩ ጨውን ይዞ በአንጀት ግድግዳ ያልፋል፤ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይገባል። ስኳሩ ከበዛ ተቅማጡን ያብሳል። ጨው ከበዛ ደግሞ ለሕፃኑ ሕይወት ያሰጋል። ውሃው፣ ስኳሩና ጨውም ያው ሆነው ልካቸው ብቻ ሲለወጥ መድኃኒቱ ጉዳት ይሆናል።

እያንዳንዱ ቤት ይህን ልክ ሊያውቅ ይገባል። ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ የሚገኘው የኦአርኤስ ፓኬት ይመረጣል። እሱ ከሌለ፦

- ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹህ ውሃ፣ 1 ሊትር
- ስኳር፣ አፉ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ
- ጨው፣ አፉ የተስተካከለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ

በደንብ አማስለው ጥቂት በጥቂት ያጠጡ። የሚጠባ ሕፃን ጡቱ አይቋረጥበት። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ደፍተው አዲስ ያዘጋጁ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ቤት ውስጥ አይቆዩ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

የኢፍጣር ማዕዳችን

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በተምርና በውሃ ያፈጥሩ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ተምር ወይም ዘቢብ በውሃ ተነክሮ የሚዘጋጀው «ነቢዝ» የተባለው መጠጥም በሐዲስ ተጠቅሷል። ማታ የተነከረው ጠዋት ይጠጣ ነበር፤ ከሦስት ቀን በላይም አይቆይም ነበር። ከዚህ የምንረዳው የጓዳ መጠጥ የቀን ገደብ እንዳለው ነው። ጣፋጭ ነገርና ውሃ አብረው ሲቆዩ ይብላላሉ። ዛሬም ቢሆን ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት 5 ወይም 6 ፍሬ ተምር በአንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ነክሮ በማግሥቱ መጠጣት መልካም ነው፤ ለሦስተኛ ቀን ማስቀመጥ ግን አይመከርም።

የገብስ ቀሪቦም ከዚሁ ጋር ይነሳል። የተቆላው ገብስ ተፈልቶ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ሲያድር ለመጠጥ ይደርሳል። እርሾና ስኳር ባለበት ሁሉ ቀኑ በረዘመ ቁጥር አልኮሉ እየጨመረ ይሄዳል። «ቀሪቦ ነው፣ አያሰክርም» ብሎ ለቀናት የቆየውን ለልጆች ማጠጣት ስለ ስሙ እንጂ ስለ ይዘቱ አለማሰብ ነው።

ተልባ በሀገራችን የኢፍጣር ማዕድ ላይ ትልቅ ቦታ አለው፤ ይገባዋልም። ኦሜጋ ሦስት የተባለው ጠቃሚ ቅባትና ሆድን የሚያለሰልስ አሰር አለው። 2 የሾርባ ማንኪያ ተልባ ለስለስ አድርገው ቆልተው ይፍጩ፤ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጠው ሲሰክን አጥልለው ይጠጡ። የተፈጨ ተልባ ቶሎ ስለሚበላሽ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መፍጨት ይሻላል። ተልባ መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያዘገይ ስለሚችል ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ከመድኃኒታቸው ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቀው ይጠጡት።

አብሽ ሌሊቱን ተነክሮ፣ ውሃው ተደፍቶ ሲመታ አረፋ የሚያወጣ ለስላሳ መጠጥ ይሆናል። የደም ስኳርን የመቀነስ ባሕርይ አለው። ይህ ለጤነኛው መልካም ሲሆን የስኳር በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ ከሚገባው በታች እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል። ነፍሰ ጡር እህቶችም ከምግብ ማጣፈጫነት አልፈው አብሽን በብዛት ባይጠጡ ይመረጣል።

ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ይቀንሳል። የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ሁለቱ ተደራርበው ማዞር ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ሐኪማቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው። ኮምጣጣ በመሆኑ ከጠጡ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ለጥርስ ይጠቅማል። የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች የሚወዱት ሁመርም እንዲሁ ጥም ቆራጭ ነው። ሐረር ላይ ከቡና ገለባ ተፈልቶ ከወተት ጋር የሚጠጣው ሆጃ ደግሞ ካፌይን ስላለው ለሱሑር ሳይሆን ለኢፍጣር ቢሆን ይሻላል፤ እሱም ከተራዊሕ በፊት በአንድ ስኒ ሲወሰን ነው።

እነዚህን ሁሉ መጠጦች የሚያበላሻቸው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለት ጉልበታችን ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ መክሯል። 5 በመቶ ለአንድ አዋቂ ሰው 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አሁን የራስዎን ቤት ጆግ ያስቡ። በ2 ሊትር ጆግ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ስኳር ከተገለበጠ ወደ 200 ግራም ገብቷል። ጆጉ ለ8 ብርጭቆ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ብርጭቆ 25 ግራም ይደርሳል። አንድ ጾመኛ ሁለት ብርጭቆ ቢጠጣ የሁለት ቀኑን በአንድ ማዕድ ጠጣ ማለት ነው። ሳምቡሳውና ጣፋጩ ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ የተልባ ጁስ ስለሆነ ብቻ ከለስላሳ መጠጥ ይሻላል ማለት አይቻልም። የሚሻለው ስኳሩ ሲቀነስ ነው። ዛሬ ከለመዱት ግማሹን ያድርጉ፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይቀንሱ። ምላስ ይለምዳል።

ለሆድ የሚሆን ሁሉ ለፊት አይሆንም

ወደ ውበቱ እንለፍ። ብዙ እህቶች «የሚበላ ነገር ፊት ቢቀባ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ ሆዳችንና ቆዳችን የተለያዩ ናቸው። ሆዳችን ራሱ ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል፤ ስለዚህ ሎሚ አይከብደውም። የቆዳችን ገጽ ግን በመጠኑ ብቻ ኮምጠጥ ያለ ስስ መከላከያ ነው። የሎሚ ጭማቂ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይኮመጥጣል። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው መከላከያውን ያፈርሳል።

ሎሚ ሌላም ጣጣ አለው። በውስጡ፣ በተለይም በልጣጩ ዘይት ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውሃ ያስቋጥራል፤ ሲድን ደግሞ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ማዲያት ለማጥፋት ተብሎ የተቀባው ሎሚ ሌላ ጥቁረት ጨምሮ ይሄዳል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የደገኛው ሰው ጥንቃቄ ከቆላው ይብሳል። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ብጉር ላይ ማሰርም እንዲሁ ቆዳን የሚልጥ ቃጠሎ ያስከትላል። የጥርስ ሳሙናም ለእሳት ቃጠሎ መድኃኒት አይደለም፤ ለቃጠሎ የሚሻለው ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር መያዝ ነው።

ታዲያ ምን እንቀባ? ለአብዛኛው ሰው የሚስማሙት ጥቂትና ቀላል ናቸው፦

1. ማርና አጃ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ንጹህ ማርና 1 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ለውሰው ፊትዎን ይቀቡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሳይፈትጉ በለብታ ውሃ ይታጠቡ። ማር እርጥበት ይይዛል፤ አጃ የሚያሳክክ ደረቅ ቆዳን ያስታግሣል።

2. እሬት፦ ቅጠሉን ቆርጠው አቁመው ቢጫው መራራ ፈሳሽ እስኪወርድ ይጠብቁ። እሱ ስለሚያሳክክ አጥበው ይጣሉት። የሚጠቅመው ውስጡ ያለው እንደ መስተዋት የጠራው ክፍል ነው።

3. ቅቤ ወይም የሰሊጥ ዘይት ለፀጉር፦ ንጹህና ያልሻገተ ይሁን። አንድ ሌሊት አሳድረው ይታጠቡ። ግንባርዎ ላይ ብጉር የሚወጣ ከሆነ ወደ ፊት እንዳይወርድ በሻሽ ይጠቅልሉት።

የትኛውንም አዲስ ነገር ከመጠቀምዎ በፊት በክንድዎ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። እርድ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና ማር ሳይቀሩ ለአንዳንድ ሰው ቆዳ አይስማሙም።

በሙሽራዋ እጅ ላይ ያለው ጥቁር ሂና

ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ይህኛው ነው። ሂና ቅጠል ነው። ቅጠሉ ደርቆ ተፈጭቶ በሻይ ወይም በሎሚ ውሃ ሲለወስ የሚሰጠው ቀለም ከብርቱካንማ እስከ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ለመያዝ ሰዓታት ይፈልጋል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥም እየጠቆረ ይሄዳል። የሀገራችን እንሶስላም ሌላ ተክል ነው፤ ከሥሩ የሚገኘው ቀለም እጅና እግርን ለማቅለም ይውላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሰል መስሎ የሚጠቁር «ሂና» ከቅጠሉ ብቻ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የተጨመረበት ፒፒዲ ተብሎ የሚጠራው፣ ሙሉ ስሙም ፓራፌኒሊንዳያሚን የሆነው የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ነው።

ይህ ኬሚካል በፀጉር ቀለም ውስጥ በአውሮፓ ሕብረት ሕግ ከ2 በመቶ በላይ አይፈቀድም፤ ቆዳን ለመቀባት ደግሞ ጨርሶ አይፈቀድም። በየቤቱ ሲደባለቅ ልኩን የሚያውቅ የለም። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመጣል። አበባው የተሣለበት መስመር ይነፋል፤ ያሳክካል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ከዚያ በኋላ ሰውነት ኬሚካሉን አይረሳም። ያቺ ሙሽራ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ጥቁር ቀለም ብትቀባ ፊቷ እስኪያብጥ ልትታመም ትችላለች። በጎረቤታችን ሱዳን ይህንኑ ኬሚካል ከሂና ጋር መቀላቀል የተለመደ በመሆኑ የካርቱም ሐኪሞች ጉሮሮ እስኪዘጋና ኩላሊት እስኪጎዳ የሚያደርስ መመረዝን ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ዘግበዋል።

ንጹሑ ሂናም ቢሆን ለጨቅላ ሕፃናት አይደለም። ጂ-ስድስት-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም በውልደት የሚያንሳቸው ልጆች አሉ። ሂና በእነዚህ ልጆች ላይ የደም ሴሎችን በድንገት ሊያፈርስ ይችላል። በአቂቃ ቀን የሕፃኑን መዳፍ በሂና ማሳመር ያምራል፤ ቢቀር ግን ይሻላል።

ለሙሽራ የሚደረገውን የወይባ ጭስም እናስታውስ። ጭሱን የሚሰጠው ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ አየር ያወጣል። በሩ ወይም መስኮቱ ይከፈት፤ ሙሽራዋ ብቻዋን አትተው፤ ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማት ወዲያውኑ ወደ አየር ትውጣ።

ኩልና ማቅያ ክሬም

ስለ ኩል ስናነሳ «ሱንና አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ስለ ኩል መኳል ሳይሆን በጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ነገር ነው። «ኢስሚድ» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ ሲመረመሩ ጋሌና የተባለ የእርሳስ ማዕድን ሆነው ተገኝተዋል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም አይበጅም። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ ኩል ለሕፃን ዓይን ፈጽሞ አይሁን።

ፊት ለማቅላት ሁለት ሦስት ክሬም ገዝቶ ቤት ውስጥ የማደባለቁ ልማድም «በቤት የተሠራ» እየተባለ ይሸጣል። በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ይገኛሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን መዋቢያዎች ሁሉ በ2025 ከገበያ ለማስወጣት ተስማምተዋል። ስምምነቱ ግን ስምና ጽሑፍ በሌለው ብልቃጥ በእጅ የሚዞረውን አያገኘውም። ያንን የሚያገኘው የገዢዋ ጥያቄ ብቻ ነው።

«እናቶቻችን ምን ሆኑ?»

ይህን ሁሉ ስንል «እናቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረው ምን ሆኑ?» የሚሉን ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን እናቶቻችን የተጠቀሙበትና እኛ የምንጠቀምበት አንድ አይደለም የሚል ነው። እነሱ ቅጠሉን ከዛፉ ያውቁታል፤ ደርቆ ሲወቀጥ ያዩታል፤ ለዛሬ የሚበቃውን ለውሰው ዛሬ ይጨርሱታል። ቀለሙ እንዲይዝ ሌሊቱን እጃቸውን ጠቅልለው ያድሩ ነበር እንጂ በግማሽ ሰዓት አይቸኩሉም። መጠጣቸውንም ቢሆን ስኳር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ነው የጠጡት። እኛ ስሙን ወርሰን ልኩን ትተናል። ከወረስን ሁለቱንም እንውረስ።

ከዚህ በኋላ በጓዳዎ የሚዘጋጅ መጠጥም ሆነ መዋቢያ ሲቀርብልዎት እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቁ፦

- በውስጡ ያለውን ሁሉ በስሙ መጥራት እችላለሁ?
- ልኩ ስንት ነው? ለካው ማን ነው?
- መቼ ተሠራ? እስከ መቼስ ይቆያል?
- የተባለው ለመጠጣት ነው ወይስ ለመቀባት?
- ከምወስደው መድኃኒት፣ ከእርግዝናዬ ወይም ከልጄ ዕድሜ ጋር ይስማማል? ለምሳሌ ማር ለአዋቂ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጣት እንኳ አይቀመስም።

በተለይ የሠርግ ዝግጅት ላይ ያላችሁ እህቶች፣ ሂና የምትቀባዋን ሴት አስቀድማችሁ «ምን ጨምረሽበታል? ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቁ። «በግማሽ ሰዓት ይጠቁራል» ካለቻችሁ በትሕትና አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። ወይም ቅጠሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ አስፈጩ። ሙሽራዋ ቀላ ባለ እጅ ብትዳር ምንም አይጎድልባትም።